የውሃ ታሪፍ ጭማሪን በማይክሮ ኢኮኖሚክስ መመርመር፦ የመጨረሻዋ ሜትር ኪዩብ ስንት ታወጣለች?

ጎንደር ውስጥ ስለ ውሃ ዋጋ ክርክር ሲነሳ ተከራካሪው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ውሃ የኑሮ መሠረት ነው፣ አይነካ» ይላል። ሌላው «አገልግሎቱ ወጪውን ካልሸፈነ ቧንቧው ራሱ ይደርቃል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ለውሳኔ አይበቁም። ለውሳኔ የሚበቃው ዋጋው ሲቀየር ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ማን ስንት እንደሚከፍል፣ የተቆጠበው ውሃም የት እንደሚደርስ በቁጥር የሚያሳይ ሁለት ገጽ ነው።

ይህ መመሪያ በፕላን፣ በፋይናንስ ወይም በውሃ ዘርፍ ለሚሠሩ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ኮርሱን ጨርሰው «ታዲያ የት እንጠቀምበት?» ለሚሉ ተማሪዎች ነው። ከዚህ በታች ያሉት የብር አሃዞች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። ለራሳችሁ ሥራ ከወቅቱ ቢል፣ ከአገልግሎቱ የሒሳብ መዝገብና ከራሳችሁ ጥናት ያገኛችኋቸውን ተኩባቸው።

ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር

«የውሃ ታሪፍ ማሻሻያ ጥናት» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ የሚሆነው እንዲህ ሲጻፍ ነው፦ ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ከ15 ብር ወደ 24 ብር ቢያድግ፣ ባያድግ ከሚሆነው ጋር ሲተያይ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?

«ባያድግ ከሚሆነው ጋር» የምትለዋን እንዳትዘልሉ። ብዙ ሪፖርት የሚያነጻጽረው ካለፈው ዓመት ጋር ነው፤ ያለፈው ዓመት ግን ባለበት አይቆምም። ለከተማው ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብ በደለል አቅሙን እያጣ ነው፣ ከተማውም ወደ አዘዞ አቅጣጫ እየሰፋ ነው፤ ታሪፉ ባይነካም የነገው ፈረቃ የዛሬው አይሆንም። የዋጋ ንረቱም አለ። ታሪፉ 15 ብር ላይ ተተክሎ የሌላው ዕቃ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር፣ ያ 15 ብር በቀድሞው ብር ሲሰላ 7 ብር ከ50 ነው። ስለዚህ «አልጨመርንም» ማለት ብዙ ጊዜ «በየዓመቱ ቀነስን» ማለት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ተጠቅማችሁ ያለፉትን ዓመታት ታሪፎች ሁሉ ወደ አንድ ዓመት ብር ቀይሯቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ክርክሩን ግን ከመነሻው ያስተካክለዋል።

እውነተኛው ዋጋ ቢሉ ላይ የለም

ቀጥሎ ውሃ ተጠቃሚዎችን ለዩ። ቢያንስ አምስት ዓይነት አሉ፦ የራሱ ቆጣሪና ሮቶ ያለው፣ የራሱ ቆጣሪ ኖሮት ማጠራቀሚያው በርሜልና ጀሪካን ብቻ የሆነ፣ በአንድ ግቢ ከሌሎች ተከራዮች ጋር ቆጣሪ የሚጋራ፣ ከቦኖ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛ፣ እና ሆቴልና ተቋም። በአማካይ «የጎንደር ነዋሪ» ብሎ የሚጀምር ትንታኔ እዚሁ ላይ ይበላሻል፤ ምክንያቱም እነዚህ አምስቱ የሚከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም።

በጀሪካን የሚገዛውን ቤተሰብ ውሰዱ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 5 ብር ቢሸጥ፣ ሜትር ኪዩብ 50 ጀሪካን ስለሆነ 250 ብር ይመጣል። ባለ ቧንቧው ያንኑ ውሃ በ15 ብር ያገኛል። ጊዜውን ጨምሩበት፦ ለሁለት ጀሪካን ምልልሱና ወረፋው 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። የቀን ሠራተኛ በ8 ሰዓት 400 ብር የሚያገኝ ከሆነ ሰዓቱ 50 ብር ነው። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚወሰደው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የዚህ ግማሽ ነው፣ ማለትም 25 ብር። 40 ደቂቃው 16 ብር ከ67፣ ለአንዱ ጀሪካን 8 ብር ከ33፣ ለሜትር ኪዩብ 417 ብር ገደማ። ድምሩ 667 ብር ነው፤ ከግማሽ በላዩም በጥሬ ገንዘብ የማይታይ ነው። ውሃ የሚቀዳው ልጅ ከሆነ «ልጅ ደመወዝ የለውም» ተብሎ በዜሮ አይተመንም፤ የትምህርት ሰዓቱ እየተወሰደ መሆኑ ለብቻው ይጻፍ።

ጊዜን እንደ ዋጋ የመቁጠር ልማድ ከውሃም ውጭ ይሠራል። የባጃጅ ታሪፍ ከገበያው በታች ሲተመን የወረቀቱ ዋጋ ይወርዳል፣ ሾፌሩ ግን በመስመር መጫን ትቶ ኮንትራት ይፈልጋል፤ የተሳፋሪው ዋጋ ታሪፉና ቆሞ የጠበቀበት ሰዓት ድምር ነው። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ማኅበር ሲከፋፈልም ሰልፉ የዋጋው አካል ነው።

ፈረቃ ባለበት ከተማ ፍጆታ ፍላጎት አይደለም

ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የመማሪያ መጽሐፉ መንገድ ግልጽ ነው። ዋጋው ከ15 ወደ 24 ሲያድግ የአንድ ቤተሰብ የወር ፍጆታ ከ12 ወደ 10 ሜትር ኪዩብ ይወርዳል እንበል። የፍጆታውን ለውጥ ለሁለቱ አማካይ አካፍሉ፦ 2 ለ11፣ ማለትም 18 በመቶ ቅናሽ። የዋጋውን ለውጥም እንዲሁ፦ 9 ለ19.5፣ ማለትም 46 በመቶ ጭማሪ። የፍጆታውን ለውጥ ለዋጋው ለውጥ ስታካፍሉ የዋጋ ኢላስቲሲቲው፣ ማለትም ዋጋ በ1 በመቶ ሲለወጥ ፍጆታ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.39 ገደማ ይሆናል፣ ምልክቱ ኔጌቲቭ። ቢሉ ከ180 ወደ 240 ብር ያድጋል፤ ዋጋው 60 በመቶ ቢጨምርም ገቢው የጨመረው 33 በመቶ ነው። በጀቱን ዋጋው ባደገበት መጠን ያቀደ ኃላፊ ዓመቱ ሲጋመስ ጉድለት ያገኛል።

ነገር ግን ይህ ስሌት ሰው የፈለገውን ያህል መቅዳት ይችላል ብሎ ይነሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቆጣሪው የሚመዘግበው የፈለጉትን ሳይሆን የደረሳቸውን ነው። የቢል መረጃውን ብቻ ይዛችሁ ኢላስቲሲቲ ብትገምቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ከዚያም «ሕዝቡ ዋጋ አይሰማውም» የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይከተላል። ሕዝቡ ዋጋ ይሰማዋል፤ የያዘው ግን ዋጋው ሳይሆን ፈረቃው ነው።

ሁለቱን ለመለየት ውድ ጥናት አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ባለፈው ፈረቃ መቅዳት ያቆማችሁት ዕቃው ሞልቶ ነው፣ ወይስ ውሃው ሄዶ?» «ሞልቶ» ያለው በዋጋ ይወሰናል። «ሄዶ» ያለው በፈረቃ ይወሰናል፤ ዋጋ ቢጨመርበት ፍጆታው ምንም ላይቀንስ ይችላል፣ ኪሱ ብቻ ይቀንሳል።

ናሙናውን ከደንበኞች መዝገብ አትውሰዱ። መዝገቡ ቆጣሪ ያለውን ብቻ ስለሚያውቅ ተከራዩና ከጎረቤት የሚገዛው ገና ሳይጀመር ይወጣሉ። በቀበሌና በቀጠና ከፍላችሁ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ሰፈር፣ ቤት ለቤት መርጣችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያ ግምት ከ80 እስከ 100 ቤት ይበቃል። ከፍታውን የምናነሳው በምክንያት ነው፤ ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት፣ ግፊቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚቀረው ከፍ ያለው ሰፈር ነው።

የመጨረሻዋ ሜትር ኪዩብ

አሁን ወደ ወጪው። አገልግሎቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ አማካይ ወጪ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ለማምረት 13 ብር ቢፈጅና ከተመረተው 35 በመቶ በፍሳሽ፣ በሕገ ወጥ መስመርና በቆጣሪ ጉድለት ቢባክን፣ ለተሸጠው አንድ ሜትር ኪዩብ 13ን ለ0.65 አካፍላችሁ 20 ብር ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር «አገልግሎቱ ኪሳራ ላይ ነው ወይ?» ለሚለው መልስ ይሆናል። «ቤተሰቡ ፍጆታውን ቢቀንስ ከተማዋ ምን ታተርፋለች?» ለሚለው ግን አይሆንም። ለዚህኛው የሚያስፈልገው የመጨረሻዋ ሜትር ኪዩብ ወጪ ነው፤ በኮርሱ ማርጂናል ኮስት የምትሉት።

በክረምት፣ ግድቡ ሞልቶ ሲፈስ፣ የመጨረሻዋ ሜትር ኪዩብ የምታስወጣው የፓምፕ ኤሌክትሪክ፣ አልሙኒየም ሰልፌትና ክሎሪን ነው፤ 8 ብር እንበል። ደመወዙና የቧንቧው ዕዳ ውሃ ተቆጠበም አልተቆጠበ ያው ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ አንዱ ቤት የተጠቀመው ውሃ ከሌላው ቤት የተወሰደ ነው፤ ወጪው ሌላው ያጣው ጥቅም ይሆናል። ሌላው ለጀሪካን በሜትር ኪዩብ 250 ብር እየከፈለ ከሆነ፣ 60 ብር ብላችሁ ብትይዙ በጣም ጥንቁቅ ግምት ነው። የጥምቀት ሰሞን እንግዳና ሆቴል የሚበዛውም በዚሁ ደረቅ ወቅት መሆኑን አስቡ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ያ የተቆጠበ ውሃ በቧንቧ ወደ ተጠማው ሰፈር መድረስ መቻል አለበት። ማራኪ ሰፈር የተቆጠበው ውሃ ሌላው ሰፈር ካልደረሰ፣ በደረቅ ወቅትም ቢሆን ዋጋው 60 ብር አይደለም። ይህን የሚያውቀው ኢኮኖሚስቱ ሳይሆን የመስመር ቴክኒሺያኑ ነው። ቫልቭ የሚከፍተውን ሰው ሳታነጋግሩ ይህን ክፍል አትጻፉ።

አሁን ሚዛኑን አስቀምጡ፤ ለአንድ ባለ ሮቶ ቤተሰብ፣ ለአንድ ወር፦

- ቤተሰቡ በቀጠለባቸው 10 ሜትር ኪዩብ ላይ 9 ብር 9 ብር ይጨምራል፦ 90 ብር።
- የተዋቸው 2 ሜትር ኪዩብ ከ15 ብር በላይ ይሰጡት የነበረውን ጥቅም ያጣል። የመጀመሪያዋን ለመተው ብዙም አልከበደውም፣ የመጨረሻዋ ግን እስከ 24 ብር ትጠጋ ነበር፤ ስለዚህ የ9 ብሩን ግማሽ በ2 አባዙ፦ 9 ብር። ጠቅላላ የቤተሰቡ ጉዳት 99 ብር።
- የአገልግሎቱ ገቢ በ60 ብር ያድጋል።
- ያልተመረቱት 2 ሜትር ኪዩብ ወጪ ይድናል።

የክረምቱን 8 ብር ስታስገቡ 60 እና 16 ሲደመሩ 76፣ ከ99 ሲቀነስ 23 ብር ኪሳራ። የደረቁን ወቅት 60 ብር ስታስገቡ 60 እና 120፣ 180፤ 99 ሲቀነስ 81 ብር ትርፍ። አማካይ ወጪውን፣ 20 ብሩን፣ ያስገባ ሰው ደግሞ 1 ብር ትርፍ አግኝቶ «ለውጥ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል፤ ክረምቱንም በጋውንም ሳያይ።

መቀያየሪያ ነጥቡ 19 ብር ከ50 ነው፦ የመጨረሻዋ ሜትር ኪዩብ ከዚያ በላይ ካወጣች ጭማሪው በጥቅሉ ያዋጣል፣ በታች ከሆነች አያዋጣም። ይህ ቁጥር የ15 እና የ24 አማካይ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ቤተሰቡ የተዋቸው ሁለት ሜትር ኪዩብ ለእሱ በአማካይ ያን ያህል ይሰጡት ስለነበር ነው። ለምክር ቤት የምታቀርቡት ይህን መቀያየሪያ ነጥብ ይሁን። ውሳኔ ሰጪው ስለ ኢላስቲሲቲ ላይከራከር ይችላል፣ «በጋ ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ ከ19 ብር ከ50 በላይ ታወጣለች ወይ?» ብትሉት ግን መልስ አለው።

60 ብሩን እንደ አዲስ ሀብት መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። ከቤተሰብ ኪስ ወደ አገልግሎቱ ካዝና የተዛወረ ነው፤ በሁለቱም ወገን ካልተጻፈ ማንኛውም ግብር ልማት ይመስላል።

በፈረቃ ለታሰረው ቤት ሒሳቡ ሌላ ነው

«ውሃው ሄዶ ነው ያቆምነው» ያለውን ቤት ውሰዱ። በወር 7 ሜትር ኪዩብ ይደርሰዋል፤ ዋጋው ቢጨምርም ያንኑ 7 ይቀዳል። የሚጨምረው ክፍያ 63 ብር ነው። እሱ 63 ያጣል፣ አገልግሎቱ 63 ያገኛል፣ ለከተማዋ ዜሮ። ከዚህ ቤት አንጻር ጭማሪው ትርጉም የሚኖረው ተጨማሪ ውሃ ካመጣለት ብቻ ነው።

ስንት? የጎደለውን በጀሪካን በ250 ብር ሒሳብ የሚሞላ ከሆነ፣ በቧንቧ የመጣችለት እያንዳንዷ ተጨማሪ ሜትር ኪዩብ 250 ከ24 ሲቀነስ 226 ብር ታድንለታለች፣ የወረፋውን ጊዜ ሳንቆጥር። 63ን ለ226 አካፍሉ፦ 0.28 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም በወር 14 ጀሪካን። ጭማሪው ለዚህ ቤት በወር ከ14 ጀሪካን በላይ ካመጣለት ተጠቃሚ ነው። ካላመጣለት ተጎጂ ነው፤ «ለወደፊት ልማት» የሚለው ቃል ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ገንዘቡ ለቫልቭ፣ ለፓምፕና ለፍሳሽ ጥገና ይውላል ወይስ ወደ ጠቅላላ በጀት ይቀላቀላል የሚለው ጥያቄ የዚህ ትንታኔ ዋና አካል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች

ድሃን ለመደጎም ተብሎ ታሪፍ በእርከን ይሠራል፤ ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ቆጣሪና ቤተሰብ አንድ ለአንድ ሲሆኑ። እስከ 5 ሜትር ኪዩብ 10 ብር፣ ከዚያ እስከ 10 ድረስ 15 ብር፣ ከ10 በላይ 25 ብር ይሁን። በአንድ ግቢ ስድስት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኪዩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 24 ያነብባል፦ 50፣ 75 እና 350፣ ድምሩ 475 ብር። ለእያንዳንዱ ቤት 79 ብር ገደማ። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው 40 ብር ብቻ ይከፍሉ ነበር። በአጥሩ ማዶ ለብቻው 8 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ባለ ቤት 95 ብር ይከፍላል፤ በሜትር ኪዩብ 12 ብር አይሞላም፣ የተከራዮቹ ግን ወደ 20 ይጠጋል። ድጎማው የታሰበለትን ትቶ ሌላውን አገኘ።

መፍትሔው እርከኑን በቆጣሪው ላይ በተመዘገቡ ቤተሰቦች ቁጥር ማባዛት ነው። ስድስት ቤት ካለ የመጀመሪያው እርከን 30 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፣ ቢሉም ወደ 240 ይወርዳል። ጉዳቱ ወዲያው ይታያችሁ፦ አከራዩ ተከራይ የሌለበትን ክፍል ተከራይ አለበት ብሎ ያስመዘግባል። በቀበሌ የነዋሪነት መዝገብ ካልተመሳከረ ገቢው ይፈሳል። በሌላ በኩል፣ ቢሉ ቢቀንስም አከራዩ ከተከራዩ የሚሰበስበውን ላይቀንስ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን ስለሚቆጣጠር፣ ተግባራዊ በሆነበት ቦታ ሁሉ አከራዩ በኪራይ ያጣውን በውሃና በመብራት ስም ለመመለስ ምክንያት አለው። ተከራዩን ስትጠይቁ ኪራዩን፣ የውሃውንና የመብራቱን ክፍያ ለየብቻ ጠይቁ።

ከውሳኔው በኋላ የሚመጣው

ዋጋ ሲጨምር ሰው ፍጆታ ከመቀነስ ሌላ መንገድም ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ከቆጣሪው በፊት መስመር ያስቀጥላል፣ ለጎረቤት የሚሸጠውን ጀሪካን ዋጋ ይጨምራል። የመጨረሻው በተለይ ይከታተል፤ ታሪፉ በሜትር ኪዩብ 9 ብር ሲጨምር በጀሪካን የሚደርሰው 18 ሳንቲም ነው። ሻጩ 1 ብር ከጨመረ ምክንያቱ ታሪፉ ሳይሆን ሻጮቹ ጥቂት መሆናቸው ነው፤ መድኃኒቱም የዋጋ ተመን ሳይሆን ተጨማሪ ቦኖ ነው።

ቆጣሪው ራሱም ያጠራጥራል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ የታመቀው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክራል፤ ሰውም አየር ገዝቶ ይከፍላል። ንባብ በግምት የተሞላባቸውን ወራት ከመረጃችሁ አውጡ። ለሦስት ተከታታይ ወር ያው የፍጆታ ቁጥር የሚደጋገምበት ደንበኛ ካያችሁ ያ ግምት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ገጹ ላይ የሚገባው፦ ጥያቄው፣ በአምስቱ ተጠቃሚዎች የተከፈለ የጥቅምና ጉዳት ሰንጠረዥ፣ መቀያየሪያ ነጥቡ፣ ውጤቱን ሊገለብጡ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ግምቶች፣ የሚጎዱት ስም ተጠርቶ። የፍላጎት ከርቩን (ዋጋና ፍጆታን የሚያገናኘውን ሥዕል) አባሪ ላይ አድርጉት።

ክትትሉን ጭማሪው ሳይጀመር አዘጋጁ። በናሙናው ውስጥ ካሉት ቤቶች የሳምንት የጀሪካን ግዢና የፈረቃ ሰዓት አሁኑኑ ይመዝገብ፤ ከስድስት ወር በኋላ ለንጽጽር የሚሆን መነሻ ሌላ ቦታ አታገኙም። መጋቢትን ከነሐሴ ጋር አታነጻጽሩ፤ ዝናቡ ያመጣውን ታሪፉ ያመጣው ይመስላችኋል። መጋቢትን ከሚቀጥለው መጋቢት ጋር አነጻጽሩ፤ ከተቻለም ፈረቃቸው ያልተለወጠ ሰፈሮችን ለማመሳከሪያ ያዙ።